ለስላሳ በረራ ከሚዛን ይገኛል
ለቤት ውስጥ ምስለ በረራ ኮምፒውተር የሚገዙ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

በቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የሐጅና የዑምራ ጉዞ የመጀመሪያው ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ የጀመረው ይህ ማረፊያ በድንኳን አምሳል በተሠራው የሑጃጆች ተርሚናሉ፣ 136 ሜትር በሚረዝመው የመቆጣጠሪያ ማማውና ጎን ለጎን በተዘረጉት ሦስት መንደርደሪያዎቹ ይታወቃል። ዛሬ ግን ወደ ጅዳ የሚያርፈው እውነተኛ መንገደኛ ብቻ አይደለም። አብራሪነትን የሚመኝ ወጣት በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካለ ኮምፒውተር ከቦሌ ተነሥቶ፣ ወደ ሰሜን አቅንቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እዚሁ ማረፍ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሊያርፍ ሲቃረብ ነው። በባሕሩ ላይ ያለ እንከን ሲፈስ የነበረው ምስል የጅዳ መብራቶች ሲታዩ መንተፋተፍ ይጀምራል። እጅ መሪውን ያዘነብላል፤ አውሮፕላኑ ግን ዘግይቶ ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ ወደ አብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ አንድ ነው፤ ከገበያው ውድ የሆነውን ግራፊክስ ካርድ መግዛት። ከወር ደመወዙ ከፍሎ ለአገር ቤት ቤተሰብ ለሚልክ ሠራተኛ ግን ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ገንዘቡ ወጥቶ መንተፋተፉ ሳይወገድ ከቀረ ኪሳራው የሪያል ብቻ ሳይሆን የልጁ ተስፋም ጭምር ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት በመጀመሪያ እውነተኛ አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸውን መሣሪያዎች ማሰብ ይጠቅማል። ቀድሞ የልዑል ሱልጣን አቪዬሽን አካዳሚ ይባል የነበረው የጅዳው የሳዑዲያ አካዳሚም ሆነ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ በስድስት ተንቀሳቃሽ እግሮች ላይ የቆሙ ሙሉ የምስለ በረራ ክፍሎች አሏቸው። የእነዚህ ክፍሎች ትልቁ ምስጢር የምስላቸው ውበት አይደለም። ሠልጣኙ መሪውን ሲነካ ምስሉ፣ የመለኪያ ሰሌዳውና የክፍሉ እንቅስቃሴ ሳይዘገዩ በአንድነት መመለሳቸው ነው። ምላሽ የሚዘገይበት መሣሪያ እጅን ስሕተት ያስለምዳል። የቤት ኮምፒውተር ከእነዚህ ክፍሎች ጋር የሚወዳደር ባይሆንም መለኪያው አንድ ነው።

በኮምፒውተር ቋንቋ ልስላሴ የሚለካው በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚሣሉ ምስሎች፣ ማለትም በፍሬም ብዛት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚሥል ኮምፒውተር እያንዳንዱን ምስል ለማዘጋጀት 33 ሚሊ ሰከንድ ያህል አለው፤ 60 ለመሣል ደግሞ 17 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ዐይንን የሚያስቸግረው ቁጥሩ ማነሱ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ከ60 ወደ 20 እየወረደ የሚመለስ ምስል በ30 ላይ ጸንቶ ከሚቆመው ይልቅ ያውካል። ስለዚህ አንዳች ዕቃ ከመግዛት በፊት የፍሬሙን ጣሪያ በ30 መገደብ ዋጋ የማይጠየቅበት የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የሚያዘገየው የትኛው ክፍል ነው የሚለው ነው። በምስለ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጥረው የፕሮሰሰሩ አቅም ነው። የአውሮፕላኑን አየር ላይ አካሄድ፣ የአየሩን ጠባይ፣ የመለኪያ ሰሌዳውን፣ በዙሪያው የሚበሩትንና በማረፊያው የቆሙትን ሌሎች አውሮፕላኖች የሚያሰላው እርሱ ነው። ከዚህ ሥራ ከፍተኛው ድርሻ በአንድ ዋና መስመር ስለሚያልፍ የፕሮሰሰሩ ኮሮች መብዛት ብቻውን አያድንም፤ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጥ ይፈለጋል። እንደ ጅዳ ያለ ሰፊ ማረፊያ ሲቃረብ ምስሉ የሚንተፋተፈውም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ነው። ኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የተባለውን ፕሮሰሰር የምስለ በረራ ወዳጆች የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ካሽ የሚባለው የቅርብ ማስታወሻው 96 ሜጋባይት በመሆኑ በአቻዎቹ ላይ ከተለመደው 32 ሜጋባይት በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ፕሮሰሰሩም መረጃ ፍለጋ ወደ ሩቁ ማስታወሻ መመላለሱን ይቀንስለታል።

ግራፊክስ ካርዱ በበኩሉ የተሰላውን ወደ ምስል ይለውጣል። ሸክሙ የሚወሰነው በሞኒተሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ሲኖሩት ፎር ኬ የሚባለው ከስምንት ሚሊዮን በላይ አለው። ሞኒተሩ ወደ ፎር ኬ ሲያድግ ካርዱ አራት እጥፍ ነጥቦችን ይሥላል። ጥፋተኛውን ለመለየት የሚያገለግል ቀላል ፈተና እዚህ ላይ ይገኛል። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ የምስሉ ጥራት ዝቅ ተደርጎ ያው ማረፊያ እንደገና ይሞከራል። ፍሬሙ በግልጽ ከጨመረ ያነሰው ካርዱ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድ ቢገዛም ጥቅም አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣው የማይክሮሶፍት ምስለ በረራ አምራቹ ባሳወቀው መሠረት ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም የሚፈልግ ሲሆን የሚመከረው 32 ጊጋባይት ነው። በሚመከረው ደረጃ ከኢንቴል ኮር አይ7-10700ኬ፣ ከኤኤምዲ ራይዘን 7 2700ኤክስ፣ በካርድ በኩል ከአርቲኤክስ 2080 ወይም ከአርኤክስ 5700 ኤክስቲ ተቀምጠዋል። በ2020 የወጣው ቀዳሚው 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ሲጠይቅ አዲሱ 50 ብቻ የጠየቀው የመሬቱን ገጽታ በበረራው ጊዜ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ነው። ለዚህም በሰከንድ 50 ሜጋቢት ፍጥነት ይመከራል። ኢንተርኔቱ ከቀነሰ ተራሮቹና ሕንጻዎቹ ደብዝዘው ይታያሉ፤ ይህን የኮምፒውተሩ ድካም አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። መረጃው በፍጥነት እንዲነበብ ዲስኩም ከአሮጌው ተሽከርካሪ ዓይነት ይልቅ ኤስኤስዲ ቢሆን ይመረጣል።

በጅዳና በመካ ሌላም ባላጋራ አለ፤ ሙቀት። በበጋ የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ሙከይፉ ሲጠፋ የክፍሉ ሙቀት በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ፕሮሰሰሩ ከተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው በረራ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ በመሆኑ ሙቀቱ ተጠራቅሞ የሚጎዳው ልክ በማረፊያው ሰዓት ሊሆን ይችላል። አየር የሚያስተላልፍ ሳጥን፣ ደህና ማቀዝቀዣና አቧራን አዘውትሮ መጥረግ ከአዲስ ካርድ በፊት ይመጣሉ።

የኤሌክትሪኩም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤቶች 127 እና 220 ቮልት ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ አገሪቱ ወደ 230 ቮልት እየተሸጋገረች ቢሆንም በአሮጌ ሕንጻዎች ዝቅተኛው ሊያጋጥም ይችላል። የዛሬዎቹ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ። በአንዳንድ አሮጌና ርካሽ ዓይነቶች ላይ ግን በእጅ የሚገፋ ትንሽ ማብሪያ አለ፤ በ115 ላይ እንደተተወ በ220 ቮልት ከተሰካ ዕቃው ይቃጠላል። ዕቃውን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብም ይህን አስቀድሞ ይመልከት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ደግሞ ዩፒኤስ ይጨመርበት።

ግዢው ከተፈጸመ በኋላ ውጤቱን ለመመዘን አንድ የተወሰነ በረራ መርጦ በእያንዳንዱ ለውጥ ማግስት መድገም ይበጃል። ከጅዳ ጣኢፍ ያለው አጭር ጉዞ ለዚህ ይስማማል። ከባሕር ጠለል ጥቂት ከፍ ካለው ከተጨናነቀው ማረፊያ ተነሥቶ 1,478 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው የጣኢፍ ማረፊያ በተራሮች ላይ ስለሚወጣ ፕሮሰሰሩንም ካርዱንም ኢንተርኔቱንም በአንድ ጉዞ ይፈትናል። በመንገዱ አቅራቢያ መካ ትገኛለች። የተከበረችው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ የመንገደኞች አውሮፕላኖችም በሰማይዋ ላይ አያልፉም። በጠረጴዛ ላይ የሚበረውን የሚከለክል ማንም የለም፤ ሆኖም ወደ ሰሜን ገለል ብሎ መብረር እውነተኛው አብራሪ የሚጠብቀውን ሥርዓትም የከተማይቱን ክብርም መጠበቅ ነው።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ያለውን ኮምፒውተር መለካት፣ ቀጥሎ ራሙን 32 ማድረስና ኤስኤስዲ መጨመር፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን፣ በመጨረሻም ለሞኒተሩ የሚመጥነውን ካርድ ማሰብ ነው። ፕሮሰሰር ሲቀየር ማዘርቦርዱም አብሮ ሊቀየር ስለሚችል ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ኮምፒውተሩ ደካማ ለሆነበት ጀማሪ ፍላይትጊር የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ እርሱና ተራ ጆይስቲክ ፍላጎቱ ጽኑ መሆኑን ለማወቅ ይበቃሉ።

ቤተሰብ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። በቤት ኮምፒውተር የተበረረ ሰዓት ለአብራሪነት ፈቃድ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በአቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ መሣሪያ ብቻ ነው። ቢሆንም ወጣቱ የመለኪያዎችን ንባብ፣ የበረራ ቅደም ተከተልንና የቦታ አቅጣጫን ቀድሞ ይለምድበታል። ለዚህ ደግሞ ከገበያው ውዱ ዕቃ አያስፈልግም። ኢስራፍ ሲባል ብዙ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ሳይለኩ ማውጣትም ነው። ከታወቀው ጉድለት በላይ ያልተከፈለው ሪያል ነገ ወጣቱ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ትምህርቱን የሚያጠናክርበት፣ ወደ እውነተኛው ማሠልጠኛ በር የሚቀርብበት ስንቅ ይሆናል።