አንጋፋው ወደ ባላንጣ ክለብ ሲሄድ፦ ተረትና እውነታ

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ስሙ የገነነ ተጫዋች ዕድሜው ሠላሳን ከተሻገረ በኋላ የባላንጣውን ክለብ ማልያ ይዞ ፎቶ ሲነሳ ቀድሞ የሚወርድበት ስድብ ይህ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ «ኳስ ዛሬ ንግድ ናት፤ ታማኝነት ድሮ ቀረ» የሚል አለ። በዲኤስቲቪ ቤትም ሆነ በኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራሞች ክርክሩ ከእነዚህ ሁለቱ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ግን የሚያዩት የታሪኩን መጨረሻ ብቻ ነው። ከፊርማው ወራት ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ከዓመት በፊት፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ የሆነ ውሳኔ ተወስኗል። ተጫዋቹ አንጋፋ ከሆነ ያንን ውሳኔ ቀድሞ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ክለቡ ነው። ደጋፊው በቁጣው መሐል የሚያልፈው ይህንን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ገንዘብ አታልሎት ነው የሄደው»

ሉዊስ ሱዋሬዝን እንውሰድ። ባርሴሎና በቆየባቸው ስድስት ዓመታት 198 ግቦች አስቆጥሯል። በኦገስት 2020 ባርሴሎና በሻምፒዮንስ ሊግ በባየርን ሙኒክ 8 ለ 2 ተሸነፈ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተሾመው አሰልጣኝ ሮናልድ ኩማን ስልክ ደውሎ በእቅዱ ውስጥ እንደሌለ ነገረው። ስድስት ዓመት በአንድ አጭር የስልክ ጥሪ ተዘጋ። ሱዋሬዝ ያኔ 33 ዓመቱ ነው፤ ውሉ ላይ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ክለቡ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ሆኖበት፣ በዕዳ ላይ ዕዳ ተደራርቦበት፣ ከደመወዝ መዝገቡ ትልልቅ ስሞችን ለመሰረዝ ተጣድፎ ነበር።

ሰውየው መጀመሪያ ያማተረው ወደ ጣሊያን ነው። ለጁቬንቱስ ለመፈረም የጣሊያን ዜግነት ስለሚያስፈልገው ፔሩጃ ድረስ ሄዶ የቋንቋ ፈተና ተቀምጧል። ያ መንገድ ሲዘጋ አትሌቲኮ ማድሪድ መጣ። ባርሴሎና በቅድሚያ ምንም ሳይከፈለው፣ ወደፊት አንዳንድ ሁኔታዎች ከተሟሉ ቢበዛ 6 ሚሊዮን ዩሮ ሊያገኝ ተስማምቶ ለቀቀው። አትሌቲኮ ላይ የተስማማበት ደመወዝ ባርሴሎና ከሚከፍለው በእጅጉ ያነሰ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። እንግዲህ ገንዘብ አሳድዶ ሄደ የሚባለው ሰው ይህ ነው። እንደ ሸንኮራ መጥጠው የጣሉት እነሱ፣ ከሃዲ የተባለው እሱ! ሊዮኔል ሜሲ እንኳ አላስቻለውም፤ ጓደኛው በዚህ ዓይነት መባረር እንዳልነበረበት በአደባባይ ጽፏል።

ቀጥሎ የሆነውን ኳስ ወዳዱ ያስታውሰዋል። ለአትሌቲኮ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ግራናዳ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አስቆጠረ። በውድድር ዘመኑ የሊግ ግቦቹ 21 ደረሱ። ሜይ 22 ቀን 2021፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ አትሌቲኮ ከቫያዶሊድ ጋር አንድ ለአንድ ሆኖ ዋንጫው በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ሱዋሬዝ ነው። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ይዞ እያለቀሰ ከቤተሰቡ ጋር ሲያወራ ካሜራ ቀረጸው። አትሌቲኮ በ86 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ባርሴሎና በ79 ሦስተኛ። በኦክቶበር ባርሴሎና ላይ ሲያገባ ደግሞ ሁለት እጆቹን ገጥሞ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቀው የተባረረው ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

አንድሪያ ፒርሎም ከዚህ ብዙም አይለይም። ኤሲ ሚላን ውስጥ አሥር ዓመት ተጫውቷል፤ በ2003 እና በ2007 ሻምፒዮንስ ሊግን አንስቷል። በ2011 ውሉ ሲያልቅ ክለቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች የአንድ ዓመት ውል ብቻ የመስጠት ልማድ ነበረው። ጁቬንቱስ የሦስት ዓመት ውል አቀረበለት። ለ32 ዓመት ሰው ሦስት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ተቀጥሮ አዳሪ ይገባዋል፤ አንድ ጉልበት ቢጎዳ የአንድ ዓመቱ ውል እዚያው ያልቃል፣ የሦስቱ ግን ቤተሰብ ያቆማል። በነጻ ዝውውር ሄደ፤ በአራት ዓመት አራት የሊግ ዋንጫ አነሳ። ሚላን የአምናው ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በ2012 ዋንጫውን ያስረከበው ለፒርሎ ጁቬንቱስ ነው።

«አርጅቷል፣ ቢሄድም አይጎዳንም»

ስለዚህኛው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከላይ ያሉት ሁለቱ በቂ መልስ ናቸው። ክለብ የአንጋፋን ጉልበት ዋጋ አሳንሶ ሲገምት፣ ከሁሉ የሚከፋው ሰውየው የራሱን ሊግ ቡድኖች ጠንቅቆ አውቆ መሄዱ ነው።

«ክለቡ ምንም አላጠፋም»

እዚህ ላይ የአርሰናል ደጋፊዎችን ቁስል መንካቴ ነው። ቢሆንም የሮቢን ቫን ፐርሲ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም እሱ አልተባረረም።

ቫን ፐርሲ በ2004 አርሰናል ገባ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ከጉዳት ወደ ጉዳት እየተመላለሰ ነው። አርሴን ቬንገር ጠበቁት፤ ደጋፊውም ጠበቀው። በመጨረሻ በ2011/12 ጤነኛ ሆኖ 30 የሊግ ግቦች አገባ፣ አምበልም ነበር። በዚያው ክረምት፣ ጁላይ ላይ፣ ክለቡ በሚሄድበት አቅጣጫ እንደማይስማማና ውሉን እንደማያራዝም በራሱ ድረ ገጽ አስታወቀ። በኦገስት በ24 ሚሊዮን ፓውንድ የማንቸስተር ዩናይትድ ሆነ። የአርሰናል ደጋፊ «ስንት ዓመት አስታመምነው፣ ጤና ሲያገኝ ሄደ» ሲል ቂሙ ከባዶ የመጣ አይደለም። ይህንን ቅሬታ ማንም በ«ቢዝነስ ነው» ሊያጣጥለው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንስራው። ተጫዋች የውሉ የመጨረሻ ዓመት ላይ ከደረሰ ክለቡ ሦስት ምርጫ አለው፦ አዲስ ውል ማስፈረም፣ አሁኑኑ መሸጥ፣ ወይም ዓመቱን አስጨርሶ በነጻ መልቀቅ። የመጨረሻው ስድስት ወር ሲገባ ተጫዋቹ ከሌላ አገር ክለብ ጋር አስቀድሞ መፈራረም ይችላል፤ ስለዚህ የሻጩ እጅ በየወሩ ይደክማል። አርሰናል ይህንን ያውቅ ነበር። ቫን ፐርሲን አንድ ዓመት አቆይቶ በ2013 በነጻ ማጣት ይችል ነበር፤ ያ የክብር ምርጫ ይሆን ነበር፤ ውድ ክብር ቢሆንም። ክለቡ የመረጠው 24 ሚሊዮኑን ነው። የሽያጩን ወረቀት አርሰናል ፈርሟል፤ ያለ ሻጭ ፊርማ የሚፈጸም ሽያጭ የለም። ቫን ፐርሲ በቀጣዩ ዓመት 26 ግቦች አገባ፣ ዩናይትድ ዋንጫውን ወሰደ፣ የአርሰናል ተጫዋቾችም ኤፕሪል 28 ቀን 2013 በገዛ ሜዳቸው ተሰልፈው ለሻምፒዮኑ አጨበጨቡ። ያንን ቀን ያመጡት ሁለት ፈራሚዎች ናቸው፤ የተረገመው ግን አንዱ ብቻ ነው።

«ድሮ ተጫዋች ለማልያው ነበር የሚጫወተው»

ይህ ተረት በብዛት የሚነገረው በሽማግሌዎች አንደበት ስለሆነ ክብደት አለው። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ በድሮው እንግሊዝ የብዙ ተጫዋች ታማኝነት ግዳጅ ነበር። እስከ 1961 ድረስ ለተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ተበጅቶለት ነበር፤ በመጨረሻው ጊዜ እንኳ በሳምንት ከ20 ፓውንድ አያልፍም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ውሉ ቢያልቅም ክለቡ የተጫዋቹን ምዝገባ ይዞ ማቆየት መቻሉ ነው። አያሰልፉትም፣ አይለቁትምም።

ቶም ፊኒ እስከ ዛሬ የአንድ ክለብ ሰው ምሳሌ ተደርጎ ይጠራል፤ በእንግሊዝ ሊግ ከፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ሌላ አያውቅም። ደመወዙ ስለማይበቃ የቧንቧ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1952 የጣሊያኑ ፓሌርሞ ለፊርማ ብቻ 10 ሺህ ፓውንድ፣ ከቪላና ከመኪና ጋር አቀረበለት። ፕሬስተን እምቢ አለ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። ፊኒ ክለቡን ይወድ ነበር፣ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ግን በዚያ ቀን የወሰነው ፍቅሩ ሳይሆን የክለቡ ሰዎች ናቸው።

ይህንን ሥርዓት ያናጋው ጆርጅ ኢስትሃም ነው። ኒውካስል አልለቅም ሲለው መጫወት አቁሞ ሌላ ሥራ ሠራ፣ በኋላ ወደ አርሰናል ተዛወረ፣ ክሱን ግን አልተወም። በ1963 ፍርድ ቤት ክለቦች ውሉ ያለቀን ተጫዋች ይዘው የማቆየት መብታቸው ሕገ ወጥ የሥራ ገደብ ነው ብሎ በየነ። በዲሴምበር 1995 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ላይ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የሆነ ተጫዋች ውሉ ካለቀ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ አባል አገር ክለብ መሄድ እንደሚችል ወሰነ። ዛሬ የሚቆይ ተጫዋች መሄድ እየቻለ ነው የሚቆየው። እኔ እንደሚመስለኝ ታማኝነት ትርጉም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ዴኒስ ሎው በተረከዙ ዩናይትድን አወረደ»

ስለ አንጋፋና ባላንጣ ከሚነገሩት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ነው። ስኮትላንዳዊው ሎው ለማንቸስተር ዩናይትድ 237 ግቦች አግብቶ፣ በ1964 የዓመቱ ምርጥ የአውሮፓ ተጫዋች ተብሏል። በ1973 አሰልጣኙ ቶሚ ዶከርቲ በነጻ አሰናበቱት። 33 ዓመቱ ነበር። ያነሳው ቀደም ሲል ተጫውቶለት የነበረው ማንቸስተር ሲቲ ነው።

ኤፕሪል 27 ቀን 1974 ሁለቱ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተገናኙ፤ ዩናይትድ ላለመውረድ እየታገለ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኳስ ግቡ ፊት ለፊት ሎው እግር ሥር ገባች፣ ጀርባውን ለግቡ እንደሰጠ በተረከዙ መታት፣ ገባች። ሎው አልዘለለም፣ እጁን አላነሳም። የሲቲ ተጫዋቾች ሊያቅፉት ሲመጡ ፊቱ የከፋው ሰው ፊት ነበር። ወዲያው ተቀይሮ ወጣ፣ ደጋፊው ሜዳውን አጥለቀለቀ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ፣ ውጤቱ ግን ጸደቀ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። በዚያው ቀን በርሚንግሃም ሲቲ ኖርዊችን አሸነፈ፤ በዚያ ውጤት ምክንያት ዩናይትድ ሲቲን ቢያሸንፍ እንኳ መውረዱ አይቀርለትም ነበር። የሎው ተረከዝ ማንንም አላወረደችም። ያም ሆኖ ሰውየው ያቺን ግብ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲጸጸትባት ኖሯል። በ2025 ሲሞት ዩናይትድ እንደ ልጁ ነው ያለቀሰለት፤ ከ2008 ጀምሮ ከቦቢ ቻርልተንና ከጆርጅ ቤስት ጋር ሐውልቱ ኦልድ ትራፎርድ በር ላይ ቆሟል።

«ታማኝነት የሚባል ነገር የለም»

የዚህ ተረት ባለቤቶች ራሳቸውን እንደ ነቁ ሰዎች ነው የሚያዩት። ግን እነሱም ይስታሉ። ታማኝነት አለ፤ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ቦታ ላይ ግን አይገኝም። ስቲቨን ጄራርድ በ2005፣ ሊቨርፑልን የአውሮፓ ሻምፒዮን ባደረገ በሳምንታት ውስጥ፣ ከቼልሲ ጥያቄ መጥቶለት የዝውውር ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። በማግስቱ ሐሳቡን ቀየረ፤ ከዚያ በኋላም አሥር ዓመት ቆየ። ታማኝ ስንለው ልቡ ያልተፈተነ እየመሰለን ከሆነ ተሳስተናል።

ፍራንክ ላምፓርድ ደግሞ በተቃራኒው የተወቀሰው ባልሆነ ነገር ነው። በ2014 ቼልሲ ውሉን ሳያድስለት፣ በክለቡ ታሪክ ከፍተኛ በሆነው 211 ግብ ተሸኘ። ሴፕቴምበር ላይ የማንቸስተር ሲቲን ማልያ ለብሶ ቼልሲ ላይ አቻ የሚያደርግ ግብ ሲያስቆጥር የቼልሲ ደጋፊዎች እንኳ ስሙን ዘመሩለት። በእውነት የተበደሉት በሌላ ክፍለ ዓለም ያሉት የኒው ዮርክ ሲቲ ደጋፊዎች ናቸው። ላምፓርድ የእነሱ ተጫዋች እንደሆነና ለማንቸስተር ሲቲ በውሰት እንደተሰጠ ተነግሯቸው ነበር፤ በጃንዋሪ 2015 ግን የፈረመው በቀጥታ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር እንደነበረ ታወቀ። ወቀሳ የሚገባው እንዲህ ያለው ሽፍንፍን ነው፤ እንደ እነዚህ ሁለት ክለቦች አንድ ባለቤት ሲኖራቸው ደጋፊው ማንን እንደሚያምን እንኳ አያውቅም።

ፔትር ቼክ ግን የተለየ ነው። ቼልሲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ሆኖ፣ በመጨረሻ ለቲቦ ኮርቱዋ ቦታውን ለቆ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ2015 ለንደንን ሳይለቅ ወደ አርሰናል መሄድ ፈለገ። አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ ይህንን እንደማይፈልጉት አልደበቁም። ባለቤቱ ሮማን አብራሞቪች ግን ለአገልግሎቱ ክብር ሲሉ የፈለገበት እንዲሄድ ፈቀዱለት፤ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 29 ቀን 2019፣ ቼክ የመጨረሻ ጨዋታውን ባኩ ላይ አደረገ፤ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ አርሰናል ከቼልሲ ጋር። ከጨዋታው በፊት ወደ ቼልሲ በሥራ ሊመለስ ነው የሚል ዜና ወጥቶ ስለነበር ቋሚ ተሰላፊ መሆን አለበት ወይ የሚለው አከራክሯል። አሰልጣኙ ኡናይ ኤምሬ አሰለፉት። አርሰናል 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በጁን ወር ቼክ የቼልሲ የቴክኒክ አማካሪ ሆኖ ተሾመ።