ጾምና ረሃብ በዋግ ኽምራ፦ ከይሉኝታ ወደ ኅሊና

ጾምና ረሃብ ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሆድን ባዶ ያደርጋሉ። በደሃና፣ በሰቆጣና በዙሪያቸው ባለው የዋግ ኽምራ ደጋ ግን ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቃቸው በትምህርት ብቻ ሳይሆን በኑሮ ነው፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየው፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር ጎተራው የሚጎድለው ይህ አገር፣ እህል በተገኘበት ዓመትም ቢሆን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን አጥብቆ ሲጾም ኖሯል። ረሃብ በሰው ላይ የሚወርድ ነው፤ ጾም ሰው ወድዶ የሚገባበት ነው። ማኅበራዊ እሴቶች ሲለዋወጡ የሰው ውስጡ በምን ሊጸና እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ልዩነት የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ማኅበራዊ እሴት ማለት አንድ ማኅበረሰብ ይህ ወግ ነው፣ ይህ ነውር ነው እያለ የሚለይበት የጋራ ሚዛን ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮናልድ ኢንግልሃርት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ባስተዋወቀው ሐሳብ፣ የዕለት እንጀራና የደኅንነት ሥጋት የቀለለለት ትውልድ ከሀብትና ከጸጥታ ይልቅ ራስን ወደ መግለጽና ወደ መንፈስ እርካታ እንደሚያዘነብል ያስረዳል። ሐሳቡ በበለጸጉት አገሮች የታየውን ለውጥ በብዙ መልኩ ቢያብራራም፣ ሰው ስለ ነፍሱ የሚጨነቀው ከጠገበ በኋላ ነው ወደሚል ድምዳሜ ከተለጠጠ ዋግ ላይ አይሠራም፤ በዋግ ስለ ነፍስ የሚነገረው ትምህርት የጸናው በእጦት መካከል ነውና።

ይህ ትምህርት ሥርዓትና መዓርግ አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የውስጥን እድገት የሚያስተምሩባቸው ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ናቸው፤ መሠረታቸው የጥንት ሶርያውያን መናንያን ድርሰት ሲሆን በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሰው በአንድምታ ይተረጎማሉ። በእነዚህ መጻሕፍት ትምህርት መሠረት የሰው ጉዞ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያም ወደ ንጽሐ ልቡና የሚያድግ ሲሆን በውስጡ 10 መዓርጋት ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ይኸውም ዝምታ፣ አንደበትን ሰብስቦ ራስን ማዳመጥ ማለት ነው። አራተኛው አንብዕ ማለትም እንባ፣ አምስተኛው ኵነኔ ማለትም ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት፣ ስድስተኛው ደግሞ ኃጥእና ጻድቅ፣ አማኝና ኢአማኒ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደድ የሚባለው ፍቅር ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል፤ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው አያለቅስም፣ ራሱን ያልገዛም ሌላውን በእኩል ሊወድ አይችልም። በዚህ ሥርዓት መሠረት እድገት የሚባለው ወደ ውስጥ ብቻ የሚገባ ነገር ሳይሆን፣ ወደ ጎረቤትም የሚወጣ ነው።

መነኩሴ ያልሆነው ገበሬ ይህን የሚማረው በጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በስሙ በሚጠራበት ቅዱስ ወርኃዊ በዓል ዕለት ማኅበርተኛው በተረኛው ቤት ይሰበሰባል፤ ጠላውና ዳቦው ቀርቦ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል። ከመካከላቸው የተቀያየሙ ካሉ፣ ሙሴ እየተባለ የሚጠራው የማኅበሩ አለቃ ከካህኑ ጋር ሆኖ ያስታርቃቸዋል እንጂ ቂም ይዞ ጽዋውን መቅመስ አይፈቀድም። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተነሥቶ በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይቀበላል፤ ማኅበርተኛውም እየዘመረ ይሸኘዋል። በዚያች ቅጽበት አንድ ድሃ ገበሬ የሚሸከመው የሸክላ ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ በሚመጣው ወር ቤቱን ለሁሉም ከፍቶ ማንንም ሳይጠላ የመጠበቅ ግዴታ ነው።

ይህ ሕይወት እንደ ነበረ አልቆየም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንንና የባላባቱን የቆየ ይዞታ ሲለውጥ ከመሬቱ ጋር የታሰረው የበላይና የበታች ሥርዓትም አብሮ ተናጋ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱና ስልኩ ተከታትለው መጡ። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ እኅቱ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ጦርነት ደግሞ ብዙውን ቤተሰብ ከቀየው አፈናቅሏል። በሰሊጥ እርሻ ዳስ ውስጥ የሚያድረውን ልጅ የንስሐ አባቱ አያየውም፤ ማኅበርተኛ ጎረቤትም የለውም።

ስለዚህ የለውጡ እምብርት ከይሉኝታ ወደ ኅሊና የሚደረገው ሽግግር ነው። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጠንቀቅ ሲሆን፣ ኅሊና ደግሞ አሰበ የሚል ትርጉም ካለው ኀለየ ከተባለው የግእዝ ግሥ የወጣና ማንም ሳያይ ራስን መመርመርን የሚያመለክት ቃል ነው። ይሉኝታ ብዙ ነገር ጠብቆ አቆይቷል፤ ሽማግሌ እንዲከበር፣ የተጣላ እንዲታረቅ፣ የታመመ እንዲጠየቅ አድርጓል። ይሁንና ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት እያለ ልጅን ያለ ዕድሜዋ እንዲድሩ፣ ድሃውም ለተዝካር በሬውን ሸጦ ለዓመታት በዕዳ እንዲማቅቅ ያስገደደውም ይኸው የሰው ዓይን ነው። እንግዲህ የይሉኝታ መላላት በራሱ ጥፋት ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ጥፋቱ ይሉኝታ ሲለቅ በስፍራው ኅሊና ሳይተከል የቀረ እንደሆነ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰው ከጎረቤቱ ዓይን ነፃ ሲወጣ በገንዘብና በስልክ መስኮት ባለው የማያውቀው ሕዝብ ዓይን ሥር ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሻደይ ነው። ሻደይ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ሲሆን፣ በዋግ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ይከበራል፤ ስሙንም ያገኘው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ረጅምና ለምለም ሣር ነው። ከበዓሉ በፊት ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም አለ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይቀደሳል፣ ብዙዎችም ሱባኤ ይገባሉ፤ ሱባኤ ማለት ሰባት ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ለጸሎት የሚለዩትን የቀናት ቁጥር ያመለክታል። ነሐሴ 16 ልጃገረዶቹ ሣሩን አስረው፣ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም ወደ መንደሩ ቤቶች ይሄዳሉ። ደስታው በባዶ ሜዳ አልበቀለም፤ በጾሙ ቀናት የተሰበሰበ ዝምታ ነው ወደ ዘፈን የሚለወጠው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሻደይ በሰቆጣ በመድረክ፣ በባለሥልጣናትና በካሜራ ፊትም የሚከበር ታላቅ በዓል ሆኗል። ይህ ለከተማው ገቢ፣ በዋግ ለሚነገረው የኽምጣና ቋንቋና ለአካባቢው የአገው ባህል መታወቅ ያስገኘው ጥቅም ሊካድ አይገባም፤ ልጃገረዶቹም በአደባባይ መታየታቸው ክብራቸው ነው። ነገር ግን ከጾሙ ተነጥሎ የመጣ ሻደይ ልብስና ጭፈራ ብቻ ይሆናል፤ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እውነተኛ ጾም እንጀራን ለተራበ ማካፈል እንደ ሆነ ስለሚያስተምር፣ ድግሱ ከቀየው የተፈናቀለውን ቤተሰብ ያላስታወሰ እንደ ሆነ ከጾሙ ጋር ያለው ዝምድና ይበጠሳል።

ስለዚህ በነሐሴ ወደ ሰቆጣና ወደ ደሃና ለመጓዝ የሚያስቡ አንባቢዎች፣ ለበዓሉ ቀን ብቻ ከመድረስ ይልቅ ጥቂት ቀናት ቀድመው ገብተው በፍልሰታ ቅዳሴ ከሕዝቡ ጋር ቢቆሙ፣ ለጉዞው ከያዙትም ገንዘብ ጥቂቱን በአካባቢው ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ቢያካፍሉ መልካም ነው።