የምሽት የፈረስ እሽቅድድም ቅድመ ግምገማና የአማርኛ ስያሜዎቹ

በእንግሊዝ አገር ጋዜጦች ላይ ከሚወጡት ጽሑፎች ሁሉ ተርጓሚን ከሚያስቸግሩት አንዱ የፈረስ እሽቅድድም ቅድመ ግምገማ ነው። ጽሑፉ በዚያው ምሽት የሚካሄዱትን እሽቅድድሞች በየተራ ያነሣል፤ ስለ እያንዳንዱ ፈረስ በሁለትና በሦስት መስመር ይመዝናል፤ በመጨረሻም ገንዘቡን ለውርርድ ለሚያወጣው አንባቢ አንዱን ፈረስ ይጠቁማል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ቃላቱም በአብዛኛው ተራ ቃላት ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው አንዱን ዐረፍተ ነገር እንደሚከተለው ሊተረጉመው ይችላል፦

«በልጃገረዶች የአካል ጉዳተኞች ሩጫ በጥሩ ሁኔታ የተሳለው ፈረስ ቅርጹ ያማረ ስለሆነ ማሸነፍ አለበት፤ የዕለቱ ሸለብታችንም እርሱ ነው።»

እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ትርጉም የለውም። ጸሐፊው ሊል የፈለገው፣ ከዚህ ቀደም አሸንፈው የማያውቁ ፈረሶች ክብደት እየተመዛዘነላቸው በሚሮጡበት እሽቅድድም፣ የመነሻ በር ዕጣው የቀናውና ወቅታዊ አቋሙ የተሻለው ፈረስ የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ዋናው ጥቆማ እርሱ ነው ማለት ነው። ስሕተቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አብዛኞቹ የስያሜ ስሕተቶች ስለሆኑ በቀላሉ ይታረማሉ። «ማሸነፍ አለበት» የሚለው ግን የሰዋስው ስሕተት ነው፤ የአንባቢውን ገንዘብ የሚያስበላውም ይኸው ነው። አስቀድመን ስያሜዎቹን እንመልከት።

ከሁሉ በፊት የእሽቅድድሙ ዓይነት ራሱ ስም ይሻል። እንግሊዞች «ፍላት» የሚሉት ፈረሶቹ አጥር ሳይዘሉ በሽምጥ ብቻ የሚሮጡበትን ነው። ይህን «ጠፍጣፋ እሽቅድድም» ማለት አያስኬድም፤ ጠፍጣፋው እሽቅድድሙ አይደለምና። በአማርኛ ከአትሌቲክስ የወረስነው «መሰናክል» የሚል ቃል አለን፤ ለ3,000 ሜትር መሰናክል የምንጠቀምበት ማለት ነው። የሰው መሰናክል ሩጫ ስሙን በእንግሊዝኛ የወሰደው ከፈረስ እሽቅድድም ስለሆነ፣ ቃሉን ለፈረስ ብንጠቀምበት ወደ ቤቱ መለስነው እንጂ አልተዋስነውም። ስለዚህ አንደኛውን «የመሰናክል እሽቅድድም»፣ ሁለተኛውን «የሽምጥ እሽቅድድም» ማለቱ ተገቢ ይመስለናል። «ጉግስ» የሚለውን ለዚህ ማዋል ግን ስሕተት ነው። ጉግስ የፈረሰኞች የጦር ጨዋታ ነው፤ ማን ቀድሞ ከመድረሻው ደረሰ ተብሎ የሚዳኝ አይደለም።

«ሃንዲካፕ» የሚለው ቃል ታሪኩ አስገራሚ ነው። መነሻው በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የነበረ የዕቃ ልውውጥ ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች ዕቃቸውን ሲለዋወጡ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው የዋጋውን ልዩነት ይወስንላቸው ነበር፤ ስሙም እጅን ባርኔጣ ውስጥ ከማስገባት የመጣ ነው። ኋላ ለፈረስ እሽቅድድም ተወሰደ፤ የአካል ጉዳት ለማለት መዋል የጀመረው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ተርጓሚያችን እንግዲህ የልጁን ትርጉም ለአባቱ ሰጥቶታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፈረስ ባሳየው ችሎታ መጠን የደረጃ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንድ ነጥብ ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ0.45 ኪሎ ግራም ጋር እኩል ነው። የ60 ነጥብ ፈረስና የ52 ነጥብ ፈረስ ሲገናኙ የመጀመሪያው በ8 ፓውንድ የበለጠ ክብደት ይሸከማል። ጋላቢው ቀላል ከሆነ ጉድለቱ ከኮርቻው ሥር በሚገባ እርሳስ ይሟላል። ዓላማው ሁሉንም እኩል አድርጎ ማድረስ ስለሆነ «የክብደት ማቻቻያ እሽቅድድም» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። በዚህ እሽቅድድም ገምጋሚው የሚጠይቀው ከሁሉ የሚበልጠው ፈረስ የትኛው ነው ብሎ ሳይሆን፣ ከተሰጠው ነጥብ የሚበልጠው የትኛው ነው ብሎ ነው። ይህ ልዩነት ካልገባ ግምገማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊገባ አይችልም።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። አሸንፎ የማያውቀው ፈረስ «ድል ያልቀመሰ» ቢባል ይበቃል። የቅርብ ጊዜ ውጤቱን የሚያሳዩት አኃዞች ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው የቅርቡ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ በታች መውጣት ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ወቅታዊ አቋም» የሚሉት ሐረግ ለዚህ ልክ ይሆናል። ርቀት የሚለካበት «ፈርሎንግ» የማይል አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 201 ሜትር ያህል ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የትልም ርዝመት ነው። በአማርኛም ትልምን «ፈር» እንላለን፤ መመሳሰሉ የአጋጣሚ እንጂ የዝምድና አይደለም፤ ቃሉን ለማስታወስ ግን ይረዳል። እንዳለ ቢወሰድ አንቃወምም።

ስለ አሯሯጥ ሲነገር አማርኛ ባለጸጋ ነው። ለዚህም ባለውለታዎቹ የረጅም ርቀት ሯጮቻችንና ሩጫቸውን በሬዲዮ ያስተላለፉልን ሰዎች ናቸው። «ዙሩ ከረረ»፣ «አሯሯጭ»፣ «አፈትልኮ ወጣ» የሚሉት ሁሉ ለፈረስ ያለ አንዳች ለውጥ ያገለግላሉ። ገምጋሚው ፊት መምራት የሚወዱ ፈረሶች ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ የሚቆጥረውም ስለዚህ ነው፤ ብዙ መሪ ካለ ዙሩ ይከርራል፤ ዙሩ ሲከርር መሪዎቹ ይደክማሉ፤ ከኋላ ለሚመጣው ይመቸዋል።

የመሬቱን ሁኔታ የሚገልጹት ቃላት ለሣር ሜዳ ሌላ፣ ለሰው ሠራሽ መም ሌላ ናቸው። ለሣሩ «ደረቅ»፣ «ደኅና»፣ «ርጥብ»፣ «ማጥ» ብንል የእንግሊዝኛውን መሰላል እንደርስበታለን። በምሽት የሚሮጡት ግን በአብዛኛው አሸዋ ከቃጫና ከሰም ጋር ተደባልቆ በተሠራ መም ላይ ነው። በብሪታንያ በእንዲህ ያለ መም ላይ የመጀመሪያው እሽቅድድም የተካሄደው በሊንግፊልድ በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዎልቨርሃምፕተን ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ብርሃን የሽምጥ እሽቅድድም ማካሄድ ጀመረ፤ ኬምፕተን በ2006 እ.ኤ.አ. ተከተለ። በነዚህ ሜዳዎች የመሙ ሁኔታ «መደበኛ» ወይም ከዚያ ፈጠን ዘግየት ያለ ተብሎ ይገለጻል። ዘግይ ያለው ፈረሱ እንጂ መሙ ስላልሆነ፣ «ዘገምተኛ መም» ከማለት «አዘጋይ መም» ማለቱ ይሻላል።

የመነሻውን በር ቁጥር በተመለከተ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የጠራ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሥዕልንም፣ አቻ መውጣትንም፣ ዕጣንም ይጠራል፤ እኛ «የበር ዕጣ» ብንል የሚያደናግር ነገር አይኖርም። «ጋጣ» ግን ፈረሱ የሚያድርበት ነው፤ ለመነሻው አይሆንም። ከዚህ ላይ የቆዩ ጽሑፎችን የሚተረጉም ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዎልቨርሃምፕተን ግራ ዞር፣ ኬምፕተን ቀኝ ዞር ሜዳ ነው። በብሪታንያ በቀኝ ዞር ሜዳዎች ቀድሞ ትልቁ ቁጥር ወደ ውስጠኛው አጥር ይጠጋ ነበር፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በየትኛውም ሜዳ ቁጥር 1 የውስጠኛው በር ሆኗል። ስለዚህ በ2006 የተጻፈ የኬምፕተን ግምገማ «ትልቅ ዕጣ ደረሰው» ሲል ፈረሱ ቀናው ማለቱ ነው፤ ዛሬ ቢጻፍ ግን ራቀው ማለት ይሆናል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። እንግሊዞች እያንዳንዱን እሽቅድድም የሚጠሩት በሚጀመርበት ሰዓት ነው፤ «የዎልቨርሃምፕተን ሰባት ተኩል» እንደ ስም ሆኖ ያገለግላል። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ተኩል ነው። ሰዓቱ ቢለወጥ ስሙ ይጠፋል፤ ባይለወጥ አንባቢው ይሳሳታል። «4ኛው እሽቅድድም» ብሎ በተራ ቁጥር መጥራት ከሁለቱም ያድናል።

አሁን ወደ ሰዋስው ስሕተቱ እንመለስ። እንግሊዝኛው ገምጋሚ በረዳት ግሦች አማካይነት የእርግጠኝነቱን መጠን ደረጃ በደረጃ ይገልጻል። ከፍተኛውን ግምት የሚገልጽበት ረዳት ግሥ በሌላ ቦታ ግዴታንም ይገልጻል፤ ተርጓሚው «ማሸነፍ አለበት» ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። በአማርኛ «አለበት» ለግምት አይውልም አይባልም፤ «ታሞ መሆን አለበት» ስንል ግምት ነው። ነገር ግን ይህ አገባብ ስለ አለፈው ወይም ስላለው ነገር እንጂ ስለሚመጣው አይነገርም። «ነገ ማሸነፍ አለበት» ያልን እንደሆነ ግዳጅ እንጂ ግምት አልሰጠንም። «ሊያሸንፍ ይችላል» የሚለውም ሁለት ፊት አለው፤ ችሎታው አለው ማለት ይሆናል፤ ዕድሉ አለው ማለትም ይሆናል። በፈረስ ግምገማ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚለያዩ ነገሮች ናቸው። ችሎታው ሙሉ ሆኖ ዕጣው የከፋበት ፈረስ ዕድሉ የመነመነ ነው።

በጋዜጦቻችን የተለመደው «ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል» ደግሞ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አይናገርም። የገበያው ግምት ከሆነ ይህ ሐረግ ይስማማዋል፤ የጸሐፊው የራሱ ፍርድ ከሆነ ግን ኃላፊነቱን ከላዩ ያወርድለታል። ለጸሐፊው ጠንካራ ፍርድ «ሳያሸንፍ አይቀርም»፣ ለመካከለኛው «ያሸንፍ ይሆናል»፣ ለዝቅተኛው «አያሸንፍም አይባልም» የሚሉትን እንድንመድብ እናሳስባለን። ሦስቱም ከሕዝቡ አነጋገር የተወሰዱ ናቸው፤ አዲስ የፈጠርነው የለም። ጥሬው «ያሸንፋል» ጸሐፊው ራሱ ያለ ገደብ በተናገረበት ቦታ ብቻ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው ግምገማው ከዋጋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነው። «9 ለ1» ማለት አንድ ብር ያስያዘ ሰው ፈረሱ ቢያሸንፍ ዘጠኝ ብር አትርፎ የራሱንም ይመልሳል ማለት ነው፤ ይህ ዋጋ ፈረሱ ከዐሥር ጊዜ አንድ ጊዜ ያሸንፋል እንደማለት ነው። ገምጋሚው ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው ብሎ ካመነ ይጠቁመዋል፤ ይሸነፋል የሚለው ግምቱ ግን ከስድስት አምስት እንደሆነ ነው። የሚጠቆመው ፈረስና በእርግጥ ያሸንፋል የሚባለው ፈረስ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ሥራውን «ትንቢት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ትንቢት ግን ሥልጣኑ ከላይ ነው፤ በከፊል አይደርስም፤ ዋጋም አይተመንለትም። «ጥቆማ» ጣትን ወደ አንድ ነገር ማመልከት ብቻ ስለሆነ ልኩን አያልፍም። ባለሙያውን «ጠቋሚ» ማለት ግን ቃሉ ወሬ አቀባይንም ስለሚያስታውስ አልወደድነውም፤ «የእሽቅድድም ገማች» ይሻላል። የዕለቱ ዋና ጥቆማ እንግሊዝኛ ስሙ ከሸለብታ ጋር በድምፅ ይገጣጠማል እንጂ የመጣው ናፖሊዮን ከሚባል የካርታ ጨዋታ ነው።

ለናሙና ያህል ራሳችን ያሰናዳነውን አንድ አንቀጽ እነሆ፦

«4ኛው እሽቅድድም። ርቀት 7 ፈርሎንግ፤ እስከ 60 ነጥብ ላላቸው የተከፈተ የክብደት ማቻቻያ። ቁጥር 2 በሦስቱ የመጨረሻ ግልቢያዎቹ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና ሁለተኛ ወጥቷል፤ የበር ዕጣው 1 ነው፤ ያሸንፋል ተብሎም ይጠበቃል፤ ዋጋው ግን እጅግ አንሷል። ቁጥር 5 አያሸንፍም አይባልም። ቁጥር 7 ካሸነፈ ቢቆይም ነጥቡ ያኔ ከነበረው በ5 ዝቅ ብሏል፤ መምራት የሚወዱ ሦስት ፈረሶች ስላሉ ዙሩ ከከረረ ከኋላ መጥቶ ያሸንፍ ይሆናል። በ9 ለ1 የዕለቱ ዋና ጥቆማችን እርሱ ነው።»

በዚህ አንቀጽ እንግሊዝኛው የማይጠይቀውን አማርኛው ጠይቆናል። እንግሊዝኛው ግሥ የፈረሱን ጾታ አይገልጽም፤ የኛ ግን ያለ ጾታ አይረባም። በመሆኑም ተርጓሚው ግሡን ከማርባቱ በፊት ከዕለቱ የፈረሶች ዝርዝር ላይ ጾታውን የሚያሳየውን ፊደል መፈለግ ይኖርበታል፤ ባዝራ፣ ድንጉላ ወይም የተኮላሸ ሰንጋ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። የከተማው አንባቢ «ሰንጋ» ሲባል የቅርጫ በሬ እንዳይመስለው «ሰንጋ ፈረስ» ብሎ አሟልቶ መጻፍ ይበጃል። ቁጥር 7ን ሰንጋ ፈረስ አድርገን ስላሰብነው «እርሱ» አልነው፤ ባዝራ ብትሆን ኖሮ ከኋላ መጥታ ታሸንፍ ይሆናል እንላት ነበር።