ፋኑ ለምን ይጮኻል?

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፋን መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው ፋኑን ሊቀይር ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋኑ ጤነኛ ነው፤ የጋለው ፕሮሰሰሩ ነው። ማዘርቦርዱ ሙቀቱን እየለካ ፋኑን ያፈጥናል፤ ሙቀቱ ካልወረደ ፋኑም አያርፍም።

በመጀመሪያ ድምፁን ለዩ። ወጥ የሆነ የነፋስ ድምፅ የሙቀት ምልክት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ገመድ ክንፉን እየነካው ይሆናል። ሲበራ እየተንገራገጨ ተነስቶ ቆይቶ የሚለዝብ ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል፤ ያኔ ፋኑን መቀየር ተገቢ ነው።

ኬዙን ከመፍታታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ምንም ሳትሠሩ ፕሮሰሰሩ ሥራ የበዛበት ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ፕሮግራም፣ አንዳንዴም የቫይረስ ነው።

ከዚያ አቧራው ይመጣል። መሬት ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር፣ በተለይ በር ላይ ባለ የፎቶ ኮፒ ቤት፣ አቧራውን ቀን ሙሉ ይስባል። ከላይ የሚታየው ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው በፋኑና ከሥሩ ባለው የብረት ማቀዝቀዣ (ሂትሲንክ) መካከል ተነባብሮ የአየር መንገዱን የሚደፍነው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉና በብሎወር ንፉት። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙ፤ ያለልክ ከተሽከረከረ ይበላሻል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባልና ይቅር።

ተጠርጎም ካልበረደ ሂትሲንኩን ነካ አድርጋችሁ መጥበቁን እዩ። ኢንቴል ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚሸጠው ማቀዝቀዣ በ4 የፕላስቲክ እግሮች ነው የሚያዘው፤ አንዱ ከወለቀ ፕሮሰሰሩን በደንብ አይነካውም። ማቀዝቀዣው ከተነሳ ደግሞ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፤ የምስር ፍሬ የምታህል ትበቃለች።

ሳይሞቅ ገና ከመነሻው በሙሉ ኃይሉ የሚጮህ ፋን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 3 ሽቦ ፋን ለባለ 4 ሽቦ በተዘጋጀ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ ባዮስ ውስጥ መቆጣጠሪያውን ከፒደብሊውኤም ወደ ዲሲ መቀየር ይፈታዋል።

ድምፁ ከፓወር ሰፕላዩ ከሆነ ግን አትክፈቱት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ለባለሙያ ስጡት ወይም ቀይሩት።

እባካችሁ ጩኸቱን ለመገላገል ብቻ ብላችሁ የፋኑን ፍጥነት አትቀንሱ፣ ሶኬቱንም አትንቀሉ። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ካልበረደ ኮምፒውተሩ ያላስቀመጣችሁትን ሥራ ይዞ ይጠፋል።