በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ የፌዴራሉ ሕግና የሕክምና ካርዱ፤ ከሚኤሶ የተገኘ ተሞክሮ

አንድ ወጣት ከሚኤሶ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ የድንጋይ መፍጫ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በጊዜው እሠራበት ወደነበረው የጤና ተቋም መጣ። ጠቋሚ ጣቱና የመሀል ጣቱ ከመሠረታቸው ተቆርጠዋል። ደሙን አቆምን፤ ቁስሉን አጠብን፤ የቴታነስ መከላከያ ሰጠንና ለቀዶ ሕክምና ወደ ጭሮ ላክነው። በሕክምናው በኩል የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ከአምስት ወር በኋላ ግን ይኸው ወጣት ተመልሶ መጥቶ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰበት ለመሆኑ ማስረጃ እንዲሰጠው ጠየቀ። አሠሪው ጉዳቱ የደረሰው በቤቱ ነው ብሎ ክዶታል። ካርዱን አስወጥቼ ስመለከት «የቀኝ እጅ ቁስል፤ ሁለት ጣቶች የተቆረጡ» ከሚለው በስተቀር የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መሣሪያ፣ ለማን ሲሠራ እንደተጎዳ የሚገልጽ አንድም ቃል የለበትም። የእጅ ጽሑፉ የራሴ ነበር።

ሚኤሶ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች የቆላ ከተማ ከጥንቱ የምድር ባቡር ጀምሮ የሠራተኛ መናኸሪያ ናት። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲገነባም የሁለቱ የቻይና ሥራ ተቋራጮች ድርሻ የተገናኘው እዚሁ ነበር፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ደወንሌ። ከዚህ በተጨማሪ ወደ ጭሮ የሚወጣውን ዳገት የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ጫት ጫኞች፣ የእህል መጋዘን ወዛደሮች፣ ብረት በያጆችና ድንጋይ ፈላጮች አሉ። አብዛኞቹ የጽሑፍ ውል የላቸውም። በአዋጁ መሠረት ግን የሥራ ውል በጽሑፍ ባለመደረጉ ብቻ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ የሚያውቅ የጤና ባለሙያም እንዲሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ከአደጋ ነፃ በሆነ የሥራ አካባቢ የመሥራት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የማውጣቱ ሥልጣንም የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በሽግግር መንግሥቱ ከወጣው አዋጅ ቁጥር 42/85 በኋላ ምክር ቤቱ ቁጥር 377/96ን፣ ከዚያም በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር 1156/2011 አጽድቋል። ከእነዚህ አዋጆች አስቀድሞም በ1983 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 በሀገራችን ጸድቋል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ፖሊሲ ወጥቷል። አዋጁ በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደኅንነት ኃላፊ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የደረሱ አደጋዎችንና በሥራ ምክንያት የመጡ በሽታዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉ ደካማ ነው የሚል እምነት የለኝም። ተቆጣጣሪው ግን በየድንጋይ መፍጫው ሊገኝ አይችልም። የጉዳቱ የመጀመሪያ ጽሑፍ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በእኛ የድንገተኛ ክፍል ነው።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ወይም የሚዘለለው አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሠራተኛው «ታመመ» ከተባለ የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ ነው፤ የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ያለ ክፍያ። «በሥራ ላይ ተጎዳ» ከተባለ ግን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 ከመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 ከመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። በወር 3000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። በሕመም ፈቃድ በድምሩ 6000 ብር ያገኛል። ጉዳቱ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ካገደው ደግሞ በሁለተኛው መንገድ 24750 ብር ይደርሰዋል። የሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒትና የሰው ሠራሽ አካል ወጪም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነና ሠራተኛው በጡረታ ወይም በመድን ካልተሸፈነ የ5 ዓመት ደመወዙ በካሣ መልክ ይከፈለዋል። ከፊል ከሆነ የሕክምና ቦርድ በሚወስነው መቶኛ ልክ ይሰላል። ቦርዱ ውሳኔውን በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ የሚመረምረውም ከእኛ የተላከለትን ወረቀት ጭምር ነው።

«በሥራ ላይ» የሚለው ቃል በሕጉ ከምናስበው ይሰፋል። ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ከሥራ ቦታው ውጭ ሳለ የደረሰበትን፣ አሠሪው ባቀረበው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትን አደጋ ሁሉ ይጨምራል። በአሠሪው መኪና ተጭኖ ሲሄድ የተገለበጠ የቀን ሠራተኛ በካርዱ ላይ «የመኪና አደጋ» ተብሎ ብቻ ሲመዘገብ መብቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በአንጻሩ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ያመጣው፣ ወይም ሰክሮ ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ሳለ የደረሰበት ጉዳት ካሣ አያስገኝም። ስለዚህም «አልኮል ሸተተኝ» ብሎ በችኮላ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። ንግግሩ፣ አረማመዱ፣ የንቃቱ ደረጃ በምርመራ ከታዩ እነሱ ይጻፉ። ካልታዩ ሽታ ብቻውን ስካር አይባልም። የራስ ቅል ጉዳት ያለበትን ሰው ሰካራም ማለት በሕክምናም ያስቀጣል።

ከአደጋው ይልቅ በሽታው ያስቸግራል። በአዋጁ አገላለጽ በአካባቢው የተለመደ ወይም በወረርሽኝ መልክ የገባ በሽታ በሥራ ምክንያት የመጣ አይባልም። በሚኤሶ ቆላ ወባ የያዘው የቀን ሠራተኛ በዚህ መሠረት ካሣ አይጠይቅም። ሥራው ያንኑ በሽታ መከላከል ብቻ የሆነ ሠራተኛ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የወባ ኬሚካል ረጪው የዚህ ምሳሌ ነው። ድንጋይ በመፍጨት ሥራ ለዓመታት አቧራ የማገ ሰው ሳል ይዞት ሲመጣ ደግሞ በአክታ ምርመራ ያልተገኘ የሳንባ ነቀርሳ እየተባለ በተደጋጋሚ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። የሲሊካ አቧራ ሳንባን ከመጉዳቱም በላይ ለሳንባ ነቀርሳ የሚያጋልጥ በመሆኑ አንዱን መርምሮ ሌላውን መርሳት አይገባም። ከጭሮ ደጋ ለሥራ የወረደ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሙቀት ቢወድቅም ሊያስደንቀን አይገባም፤ ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ግሉኮስ ሰጥቶ ከመሸኘት ባሻገር መቼ ሥራ እንደጀመረ መጠየቅና መጻፍ ያስፈልጋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ምን ሥራ ትሠራለህ? ለማን? ሲደርስብህ ምን ታደርግ ነበር? የት፣ በስንት ሰዓት? ማን አየ? ማንስ አመጣህ? መልሱ የታካሚው ቃል መሆኑ ተገልጾ («እንደገለጸው» ተብሎ) ከምርመራው ግኝት ተለይቶ ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይታከልበታል። እኛ ዳኞች አይደለንም። ያልተጻፈውን ከወራት በኋላ በአሮጌው ካርድ ላይ መጨመር ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠር ነው። ለዚያ ወጣት የሰጠሁት ወረቀት የዕለቱን ቀን የያዘና የዚያን ዕለት ቃሉን ብቻ የሚገልጽ ነበር። የረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በመዝገቧ የአስተያየት ዓምድ ላይ በራሷ ተነሣሽነት «ከክሬሸር» ብላ ጽፋ ኖሯል። ወደ ቦርዱ የሄደው በዚያች አንዲት ቃል ነው። እኔ ከአካባቢው ስዛወር ጉዳዩ ገና በሥራ ክርክር ችሎት ላይ ነበር።

አዋጁ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ይከለክላል፤ ሱስ ለያዘው ሠራተኛ የሚደረገውን እርዳታ ግን ለአሠሪው በጎ ፈቃድ ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሠራር ደንብ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር እንደ ማንኛውም የጤና ችግር እንዲታይ፣ ምስጢሩም እንዲጠበቅ ይመክራል። በምዕራብ ሐረርጌ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሌሊቱን በጫት ተደግፎ ያሽከረከረ ሾፌር ንጋት ላይ ምርቃናው ሲለቀው በመሪው ላይ ያንቀላፋል። የተጎዳውን ሾፌር ስናክም ስንት ሰዓት እንደነዳና ስንት እንደተኛ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? በሀገራችን የሠራተኛ ድጋፍ ሥርዓት ይቻል እንደሆነ ለሚጠራጠር ኤችአይቪ ምሳሌ ይሆናል። አዋጁ ሠራተኛው ሌላ ተገቢ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሲያስገድድ የኤችአይቪን ምርመራ ለይቶ አውጥቶታል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም ለተጠቂ ሠራተኞች መደገፊያ ገንዘብ ሲመደብ ቆይቷል። ያው መንገድ ለሱሰኛውና ለተጨነቀው ሠራተኛ የማይከፈትበት ምክንያት አይታየኝም።

በመጨረሻም ስለራሳችን። በመንግሥት ጤና ተቋም የምንሠራ ባለሙያዎች የምንተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እንጂ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይደለም፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በማስረጃ መረጋገጥ ያለበት መሆኑ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። መርፌ የወጋት ነርስ እጇን በሳሙና ታጥባ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የኤችአይቪ ድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ እንዳለበት ሁላችንም ለታካሚዎቻችን እንነግራለን። የሄፓታይተስ ቢን ሦስት ክትባቶች አሟልቶ የወሰደ በየክፍላችን ስንት ሰው እንዳለ ግን አንጠያየቅም። እኔ በነበርኩበት ተቋም ለመርፌ ወግ የተከፈተ መዝገብ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ በቀር ሌላው ባዶ ነበር፤ ባዶ የሆነውም መርፌ የወጋው ሰው ስላልነበረ አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተወግቼ አልጻፍሁም።