በዓል ሲደርስ ወገን ይጠየቃል

የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እገሌስ ደወለ?» የሚለው ነው። ወጡ ተሠርቶ፣ ጠላው ደርሶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ሳለ የእናት ልብ ከስልኩ አይርቅም። በማዕዱ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ልጆች ይልቅ በባዕድ አገር ያለው ይታሰባል። ለመሆኑ ከወሰን ባሻገር የሚኖረውን ይህን ልጅ የዚህች አገር ሰው የሚያሰኘው ምንድን ነው? ደሙ ነውን? የያዘው ፓስፖርት ነውን? ወይስ ሌላ ነገር?

ሕጉ የራሱ መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ያመለክታል። አስቀድሞ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላ በር ከፍቶለት ነበር። በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ሆኖም አይመርጥም፣ አይመረጥም።

እስቲ ሁለት ሰዎችን በዐይነ ልቡናችን እንመልከት። አንደኛው በዋሽንግተን የሚኖርና የአሜሪካን ዜግነት የተቀበለ ነው። የእኛ ልደት ከምዕራባውያኑ 13 ቀን ዘግይቶ ስለሚውል ከአሠሪው ፈቃድ ጠይቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሌሊቱን በቅዳሴ ያሳልፋል። በሕግ ዐይን ግን የውጭ አገር ሰው ነው። ሁለተኛዋ በአንድ የዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ዜግነቷ አንዳች አይጎድለውም፤ ወደ አገሯ የመመለስ መብቷም በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ ነው። ዳሩ ግን ፓስፖርቷ ከአሠሪዋ እጅ ነው፤ ክርስቲያን ብትሆን ልደት፣ ሙስሊም ብትሆን ዒድ ከወጥ ቤት ሳትወጣ ያልፋል።

ከሁለቱ ማን ይበልጥ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ማወዳደር ከንቱ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ ሁለቱንም የሚስባቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። እርሱ ወገኑን ይጠይቃል፤ እርሷ ደግሞ ጠያቂ ያስፈልጋታል። የወገንነት ፍሬ ነገርም በዚሁ በመጠያየቅ ላይ የቆመ ነው።

ለዚህም ጥሩ ምስክር የሚሆነን የኢየሩሳሌሙ ዴር ሡልጣን ገዳም ነው። በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በጠባብ ጎጆዎች፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ብዙ መከራ ችለው ኖረዋል። ለዚህ ያበቃቸው የራሳቸው ጽናት ብቻ አይደለም፤ ከአገር ቤት ጠያቂ አለመታጣቱም ጭምር ነው። ተሳላሚው ባሕርና በረሃ አቋርጦ ይደርስላቸው ነበር። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ በዚያችው ከተማ ቆሟል፤ ያለበትም መንገድ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። ከወሰን ውጭ ያለ ወገን ካልተረሳ ከወገንነት እንደማይወጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

እንግዲህ የመጠየቁ ግዴታ የሁሉም ነው። መንግሥት ዜጋውን በኤምባሲዎቹ አማካይነት ሊጠይቅና ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ፓስፖርት የሰጠ አካል ኀላፊነቱ በአውሮፕላን ማረፊያ አያበቃምና። በውጭ ያለውም ወገን ልጆቹን ቋንቋቸውንና የዘመድ አዝማዳቸውን ስም ሊያስተምር ይገባዋል፤ ነገ የሚጠያየቁት እነርሱ ናቸውና። እኛ በአገር ቤት ያለነው ደግሞ ራሳችንን እንመርምር። የበዓሉ በግ የተገዛው ልጅቱ ከላከችው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ የተላከ ገንዘብ ግን የላኪውን ደኅንነት አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ ስልኩ ሲነሣ «ስንት ላክሽ?» ከማለት አስቀድመን «እንደምን አለሽ? ዕረፍት አለሽን? የሚበድልሽ ሰው አለን?» እንበላት። ከዚያም መልሷን ታግሠን እናዳምጥ።

ለመላው ክርስቲያን አንባብያን መልካም የልደት በዓል!