«ስወርድ ወደቅሁ»

በማረቆዋ ቆሼ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በጤና ተቋማችን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ስወርድ ወደቅሁ» የሚል ነው። ከምን እንደወረዱ ካልጠየቅኋቸው አይነግሩኝም። ስጠይቅ ግን ባጃጁ ሳይቆም እግራቸውን መሬት አስነክተዋል፤ ወይም ከሚኒባስ ሲወርዱ በቀኝ በኩል ሾልኮ ያለፈ ሞተር ገጭቷቸዋል፤ ወይም ከአይሱዙ ጭነት ላይ በጎማው ተንጠላጥለው ሲወርዱ ሾፌሩ ነድቷል። መዝገቡ ላይ «መውደቅ» ብቻ ከጻፍን መኪናው ከነገሩ ሁሉ ይወጣል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በቃሬዛ መጡ። ቀኝ እግራቸው ከግራው አጥሯል፤ የእግራቸው ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል። ይህን ያየ ባለሙያ ራጅ ሳይነሣም የዳሌ አጥንት ስብራት ይጠረጥራል።

«እማማ፣ የት ወደቁ?»

«መንገድ ላይ ነው ልጄ።»

«ከመኪና ሲወርዱ ነው?»

«አዎ፣ እኔስ ወርጄ ነበር። ነጠላዬ በሩ ላይ ቀረ፤ ልጁ ሳበው አለ፤ መኪናው ይዞኝ ሄደ።»

ረዳቱ በሩን ገፋ አድርጎ ዘግቶ «ሳበው!» ያለው ወደኋላ ሳያይ ነው። በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ሰውን ለወራት አልጋ ላይ ያስቀራል፤ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። ሪፈር ጽፈን ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ላክናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎችና የጉዳቶች ምደባ፣ አሥረኛው እትም፣ እንደ እኚህ እናት ሲሳፈር ወይም ሲወርድ የተጎዳን ሰው ከሾፌሩም፣ ተቀምጦ ከሚጓዘውም ለይቶ የራሱ መለያ ቁጥር ሰጥቶታል። ለሞተር፣ ለባለ ሦስት እግር፣ ለመኪናና ለአውቶቡስ መለያው ለየብቻ ነው። ይህን መለያየት የምደግፈው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። በፍጥነት ምክንያት የሚደርስን ግጭት ሾፌሩን በመቅጣት ልናርም እንችል ይሆናል። በር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚያስቀረው ግን መኪናው የት እንደሚቆም፣ በሩን ማን እንደሚዘጋና ከኋላ የሚመጣውን ማን እንደሚያይ መወሰን ነው።

ነገሩ የገንዘብም ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና በነጻ እንዲያገኝ ደንግጓል። «ወደቅሁ» ያለ ገበሬ ግን ይህን መብቱን ማንም ሳያነሣለት በርበሬ ከሸጠበት ብር ላይ ቆጥሮ ይከፍላል። ያንን ብር ስቀበል ያንገበግበኛል።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ሰው ከባጃጅ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር በቀጥታ ወደ ወጌሻ መሄዱ ነው። ወጌሻን አላጣጥልም፤ አገር ያከበረው ሙያ ነው። ግን እብጠት ገና በሚጨምርበት ሰዓት ጥብቅ ብሎ የታሰረ እግር ደም ያጣል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስራቱ በዚያው ቅጽበት ይፈታ፤ እስኪነጋ አይጠበቅ። ዘግይቶ የመጣን እግር ማዳን ያልተቻለበትን ጊዜ አይቻለሁ፤ ስብራቱ ግን በራሱ እግር የሚያስቆርጥ አልነበረም።

ሁለት ወቅቶችን እፈራለሁ። አንዱ ጉራጌ ከየከተማው ወደ አገሩ የሚገባበት መስቀል ነው፤ ቦታ ለመያዝ መኪናው ሳይቆም በር ላይ የሚንጠለጠለው ብዙ ነው። ሌላው የማረቆ በርበሬ የሚጫንበት ጊዜ ነው፤ ከጆንያው በላይ ሰው ይቀመጣል፤ መውረጃ ደረጃ የለም።

መናኸሪያውና ትራፊኮቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሚኒባስ ሲቆም ቀኝ ጎኑን ወደ መንገዱ ዳር ያስጠጋ፤ በመሃል ሞተር የሚያልፍበት ክፍተት አይተው። ረዳቱ ቀድሞ ይውረድ፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ የሚመጣውን ሞተር በእጁ ያስቁም። በሩ ተዘግቶ ነጠላና ጋቢ መውጣቱን በዓይኑ ሳያረጋግጥ «ሳበው» አይበል። ባጃጅ በግራ በኩል ሰው አያውርድ። ፒክአፕ የምትነዱ ደግሞ ሆላንዶች የሚያደርጉትን ሞክሩ፤ በሩን ከበሩ በራቀው እጃችሁ ክፈቱ፤ ትከሻችሁ ሲዞር ዓይናችሁም ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ያያል።

የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ታካሚው «ወደቅሁ» ሲል «ከምን?» በሉት። መልሱ ተሽከርካሪ ከሆነ ዓይነቱን፣ ሲሳፈር ይሁን ሲወርድ፣ የቆመበትንም ቦታ ጻፉ። የወሩ ሪፖርት ሲሠራ ሦስት ሰው አንድ ማቆሚያ ላይ ተጎድቶ ካገኘን መናኸሪያው ጋ ይዘነው የምንሄደው ወረቀት ይኖረናል።